አያ ጁማ ከሞንታርቦው ሥር

ድንቄም ጨዋነት! ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር፣ ከሐጂ ባድሩ ፎቅ ሥር ሱቅ ተከራይቼ ጨርቅ ስሰፋ ብዙ ዓይነት ሰው አይቻለሁ። እንደ አያ ጁማ ያለ ጨዋ ግን አላየሁም፤ ከእንግዲህም አያሳየኝ። እግሩን ረግጠኸው ብትቆም "ወንድሜ፣ መቆሚያው ተመቸህ?" የሚል ሰው ነው። የከተማው ሰው ሁሉ "ጁማ እኮ ወርቅ ነው" ይላል። አዎ፣ ወርቅ ነው፤ ለዚህ አይደል ሁሉም የሚቀጠቅጠው!

ሥራው ምን መሰላችሁ? ተራ አስከባሪ! የደሴና የወልድያ ሚኒባስ በሚጋፋበት መናኸሪያ፣ ረዳቱ ሁሉ "ወልድያ! ወልድያ! አንድ ሰው!" እያለ ጉሮሮው እስኪላጥ ሲጮህ፣ አያ ጁማ መሀል ገብቶ "ወንድሜ፣ ካላስቸገርኩህ፣ ተራው የዚህ ልጅ መሰለኝ" ይላል። ማን ሰምቶት! መኪናው ሞልቶ ውርጌሳ ሲደርስ እሱ ገና "ካላስቸገርኩህ" ላይ ነው። ሾፌሮቹ ይወዱታል። ለምን አይወዱትም? እንዲህ ያለ ተራ አስከባሪ ከየት ያገኛሉ!

ቤት ነበረው፤ ወደ ውጫሌ መውጫ ላይ፣ የጭቃ ቤት ከነጓሮው። ጦርነቱ ሐይቅ የገባ ጊዜ ከባድ መሣሪያ ወደቀበትና ግድግዳው ተናደ። ሚስቱ ኡሙሀኒ ጓሮ ነበረች። ነፍሷ ተረፈ፤ የግራ ጆሮዋ ግን በዚያው ቀረ። ነገሩ ጋብ ሲል ሁለቱ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው እኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራዩ።

ፎቅ ስላችሁ የአዲስ አበባውን እንዳታስቡ። ባለቤቱ ሐጂ ባድሩ ጅዳ ተቀምጦ በስልክ ያሠራው ነው። በስልክ የተሠራ ቤት ደግሞ ያው እንደ ስልክ ነው፤ ድምፅ ያስተላልፋል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሰው ሲያስነጥስ አንደኛ ፎቅ ላይ "የርሐሙከላህ" ይባላል። ምድር ቤት እኔ ነኝ፣ ከበላዬ አያ ጁማና ኡሙሀኒ፣ ከነሱ በላይ ደግሞ አብዱልሰመድ።

አብዱልሰመድ ዱባይ ሠርቶ የመጣ ሰው ነው። ሌላው ወርቅ ሲያመጣ፣ ፍሪጅ ሲያመጣ፣ እሱ ሞንታርቦ አመጣ። ቁመቱ ቁም ሳጥን የሚያህል ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ብቻ መሰላችሁ? ሳሎኑን የሞላ! ያከራየዋል። ለውጥ መጣ ተብሎ አገሩ ሁሉ አደባባይ ወጥቶ "ፍቅር! ፍቅር!" ሲል፣ ፍቅሩን ያጮኸው የአብዱልሰመድ ሞንታርቦ ነው። ትንሽ ቆይቶ "ተነስ! ዝመት!" ያለውም ያው ሞንታርቦ ነው። ሞንታርቦ ምን ገዶት! አፍ እንጂ ሆድ የለው። ጦርነቱ ሲገባ ሰው ልጁን አዝሎ ሲሸሽ፣ አብዱልሰመድ መጀመሪያ ሞንታርቦውን ገለባ ውስጥ ቀብሮ ነው የሸሸው። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የቆየው ሰርግ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣ። የሰርግ ዕቃ እንዳያሳፍረው አርብ አርብ ከጁሙዓ ሶላት መልስ ሁሉንም ሰክቶ ይሞክረዋል። "ሄሎ! ሄሎ! ቴስት! አንድ! ሁለት!" ሦስት ማለት አያውቅም፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ዘፈን። እኔ ሱቅ መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ይጨፍራል።

ይኼ ሁሉ አርብ ባይሆን ኖሮ ማን ነገሬ ይለው ነበር! ጉዱ አርብ መሆኑ ላይ ነው።

አያ ጁማና ኡሙሀኒ አንድ ልጅ አላቸው፤ ሰዑድ ይባላል። አገሩ "ፍቅር! ፍቅር!" ሲል እሱ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ተሻገረ፤ ፍቅር እንደማይበላ ቀድሞ የገባው ልጅ ነው። የመን ከረመ፤ ሳውዲ ድንበር ላይ ተይዞ ታሰረ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ስልኩ ተቋረጠ፣ እናትና ልጅ ድምፅ ሳይሰማሙ ከረሙ። ኔትወርክ የተመለሰ ሰሞን አንድ አርብ ስልኳ ጮኸ፤ ሰዑድ! እስረኞቹ አንድ የተደበቀ ስልክ አላቸው አሉ። አርብ ከጁሙዓ በኋላ ጠባቂዎቹ ምሳ ሲቀመጡ እየተቀባበሉ ወደየቤታቸው ይደውላሉ። ለያንዳንዱ የሚደርሰው "እማ፣ አለሁ" የሚያስብል ያህል ነው።

ለኡሙሀኒ ግን እሱም አልደረሳት። "እማ" አላት። "ሊያዛውሩን ነው" አላት። ወዴት እንደሆነ ሊነግራት አፉን ሲከፍት ከላይ "ሄሎ! ሄሎ! ቴስት!" ተባለ። የልጇን ቃል ሞንታርቦው ዋጠው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ በረንዳው ላይ ቆማ "ወዴት ነው ልጄ? ወዴት ነው?" ስትል እኔ ከታች ሰማኋት። ሮጬ ወጣሁ። ደህናው ጆሮዋ ላይ ስልኩን አጣብቃ፣ እንባዋ በስልኩ ላይ ይወርዳል።

"ነገረኝ እኮ ጸዳልዬ" አለችኝ። "ነገረኝ። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።"

አንቺ ነሽ ያልሰማሽው! ወይ ጉድ! እኔ በሷ ቦታ ብሆን ኖሮ ያን ጊዜውኑ ወጥቼ ያንን ዕቃ በደረጃው አንከባልለው ነበር። ስልኩን ይዛ ሌላ ቦታ ለመሄድም አልሆነላትም። እኔ ሱቅ ኔትወርክ አይገባም፤ አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪናው ጡሩምባ አለ፤ ሐይቁ ዳር ብትሄድ ጭራሽ የለም። ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ ኔትወርኩ የሚገኘው ከፍ ካለ ቦታ ነው፤ ለነሱ ያላቸው ከፍታ ያችው የበረንዳቸው ጥግ ናት፤ ልክ ከሞንታርቦው ሥር።

እንግዲህ አያ ጁማ ጨዋነቱን ታጥቆ ተነሳ። መጀመሪያ ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ ገዝቶ፣ አስጠርጎ፣ ይዞ ወጣ። ባዶ እጅ ለወቀሳ አይኬድም አለ። ሰው ሊወቅስ ዓሣ ይዞ ሲሄድ አይታችኋል? የአብዱልሰመድ ሚስት ዙለይሃ "ወይ የኛ ጎረቤት!" ብላ ተቀበለችው። አያ ጁማ ተቀመጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ነገሩን እንዲህ ብሎ ጀመረ፦

"አብዱ ወንድሜ፣ ማሻአላህ፣ የዕቃህ ጥራት! እኛ ቤት ድረስ እኮ አንድ ቃል ሳይቀር ይሰማል።"

"ይሰማል?" አለ አብዱልሰመድ ፊቱ በርቶ። "ባሱም?"

"ባሱማ... ባሱ ልብ ድረስ ነው የሚገባው።"

በቃ፣ ይኼው ነው ወቀሳው። አብዱልሰመድ በሚቀጥለው አርብ እነ አያ ጁማ ደህና አድርገው እንዲሰሙለት ጨመረበት።

ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ አጎዛ ይዞ ወጣ፤ ነጭ፣ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ የበግ አጎዛ። "ዕቃህ ሲሚንቶ ላይ ከሚቆም ከሥሩ ብታደርግለት" አለው። እንዲያ ሲሆን ንዝረቱ ወደ ታች አይወርድም ብሎ አስቦ ነው። ማሰቡስ ጥሩ ነበር፤ መናገሩ ነው የጠፋው። ዙለይሃ አጎዛውን ሳሎን አንጥፋ የክብር እንግዳ ማስቀመጫ አደረገችው።

ሦስተኛ ኡሙሀኒ ራሷ ወጣች። "ሴት ለሴት ይሻላል" አለች። እንድትናገር አስምዬያት፣ ደረጃው ሥር ቆሜ ጠበቅኋት። በሩን የከፈተችው ኢቲሳም ናት፤ የአብዱልሰመድ ልጅ፣ ኩዌት ሰው ቤት ሠርታ በቅርብ የተመለሰች። አንገቷን ቀለስ አድርጋ የምትሄድ፣ ቃል ከአፏ በመከራ የሚወጣ ልጅ ናት። ኡሙሀኒን አስገባቻት፣ ውሃ አጠጣቻት። ኡሙሀኒ ግንባሯን ስማ፣ "የወለደሽ ማህፀን ይባረክ፤ ለኔም እንዳንቺ ያለች ልጅ አላህ በሰጠኝ" ብላ መርቃ ተመለሰች።

"ተናገርሽ?" አልኳት።

"ኧረ ምን ብዬ ጸዳልዬ! ልጅቱ ውሃ አጠጣችኝ እኮ።"

"ውሃ የሰጠ ሰው አይወቀስም?"

"እንዴት ተብሎ!" አለች፤ እኔን እንደ ባለጌ እያየች።

አበስኩ ገበርኩ! አርብ ይመጣል፣ ሰዑድ አንዳንዴ ይደውላል፣ አንዳንዴ አይደውልም፤ የደወለ ቀን "እማ" ከሚለው በቀር የሚሰማ የለም። ቀኑን ሙሉ ስትጠብቅ ትውላለች፤ ከጁሙዓ ሶላት በፊት ውዱእ አድርጋ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ። እየከሳች ሄደች። እኔም ነገሩ አንገፈገፈኝና መቀሴን አንስቼ "ሽቦውን ሄጄ እቆርጠዋለሁ" ብዬ ደረጃው መሀል ስደርስ አያ ጁማ እጁን ዘርግቶ መንገድ ዘጋብኝ።

"በማርያም ይዤሻለሁ ጸዳልዬ!"

"አያ ጁማ፣ በነቢ ልቀቀኝ!"

"በማርያም! ነገ ሞቼ የሚቀብረኝ እሱ ነው እኮ።"

የኛ አገር ነገር እንዲህ ነው። ሙስሊሙ በማርያም ይይዝሃል፣ ክርስቲያኑ በነቢ ይይዝሃል፤ ሁለቱም ከያዙህ መላወሻ የለህም። ቅሬያችን ደግሞ አንድ ነው። የሞተብህን የሚያወጣ፣ ጉድጓድ የሚቆፍርልህ ቅሬ ነው፤ አብዱልሰመድም ጁማም እኔም እዚያው ነን። ሰው ለመቀበሩ ይሄን ያህል ሲጨነቅ በቁሙ እየተቀበረ መሆኑን አያይም። መቀሴን ይዤ ወረድኩ።

"ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት።

"ሽማግሌ እንልካለን" አለ፤ እንደ ትልቅ ብልሃት። "ሽማግሌ ያየው ነገር ደስ ብሎት ይፈታል።"

ለሞንታርቦ ሽማግሌ ሲላክ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰማሁ። የቅሬያችን ዳኛ ሸህ አሊ ከሁለት የቅሬ ሰዎች ጋር፣ አርብ ከጁሙዓ መልስ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ደረጃውን ወጡ። አያ ጁማ ባለጉዳይ ነውና አልገባም፤ ከኔና ከኡሙሀኒ ጋር ደረጃው ማረፊያ ላይ ቆመ። በሩ ክፍት ስለሆነ ሁሉም ይታያል፣ ይሰማል።

"አሰላሙ አለይኩም። አላህ ቤታችሁን ይባርከው" አሉ ሸህ አሊ።

"ወአለይኩሙ ሰላም! ሸህዬ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ!" አለ አብዱልሰመድ፤ ዙለይሃም አጎዛውን አራግፋ አነጠፈች።

"አንቀመጥም" አሉ ሸህ አሊ፣ ዘንጋቸው ላይ ተደግፈው። "የመጣንበትን እሺ ሳትለን አንቀመጥም።"

"ምንድን ነው ሸህዬ?"

ሸህ አሊ ዙለይሃን አዩ፣ ኢቲሳምን አዩ። በሚስቱና በልጁ ፊት "ጩኸትህ ሰው ገደለ" ብለው ሊያዋርዱት ነው እንዴ! "ያው ከጁማ ቤት ነው የተላክነው" አሉ። "ጁማ ስንት ጊዜ ደጅህን እንደረገጠ አንተም ታውቃለህ። ጨዋ ሰው ነው፣ አፉ አልደፍር ብሎት ነው። የቀረውን አንተው ጨርሰው።"

አብዱልሰመድ ሚስቱን አየ። ሚስቱ አጎዛውን አየች። ከዚያ ሁለቱም ኢቲሳምን አዩ፤ ልጅቱም አቀርቅራ ወደ ጓዳ ገባች። አብዱልሰመድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሸህዬ፣ እኔ ብቻዬን የምመልሰው አይደለም። ዘመድ አለ። እንምከርበትና የሳምንት አርብ ተመለሱ" አለ። ሽማግሌዎቹም "ደግ" ብለው ሳይቀመጡ ወረዱ።

እኔ አበድኩ! አንድ ቁልፍ ወደ ግራ ለማዞር ዘመድ ይመከርበታል? አያ ጁማ ግን ፊቱ አበራ። "ደህና መልስ ነው ጸዳልዬ። ቢሰማው ነው ጊዜ የጠየቀው።" ያን አርብ ሞንታርቦው አልተከፈተም፤ ሰዑድም አልደወለም። ሳምንቱን በሙሉ ከላይ ኮቴ እንኳ አልተሰማም፤ ሰዎቹ ሹክሹክታ ይዘዋል። አያ ጁማ ጠዋት ጠዋት ሱቄ በር ላይ ቆሞ ወደ ላይ ጣቱን እየጠቆመ "ትሰሚያለሽ?" ይለኛል። "ምንም" እለዋለሁ። "አየሽ! በጨዋ አፍ የማይፈታ የለም" ይላል። ለኔም እውነት መሰለኝ፤ ተሸነፍኩ ብዬ አፌን ዘጋሁ።

አርብ ሲደርስ በግ ደረጃ ሲወጣ አየሁ። በግ! ከኋላው የአብዱልሰመድ ወንድሞች፣ ከውጫሌ የመጡ፣ ጋቢያቸውን ያጣፉ። "ለዕርቅ ነው የሚታረደው" አለኝ አያ ጁማ። ኡሙሀኒ ስልኳን ይዛ፣ "ከሞንታርቦው ነፃ በወጣሁበት ቀን ይደውልልኝ ይሆን?" እያለች ደረጃው ማረፊያ ላይ ከጎናችን ቆመች፤ እዚያ ከፍ ስለሚል ኔትወርኩም ይሻላል። ሸህ አሊና ሁለቱ ሰዎች ገቡ። እንደ ባለፈው ቆሙ።

ከወንድሞቹ ትልቁ ተነሳ። ጋቢውን አስተካከለ። "ሸህ አሊ፣ መክረናል" አለ። "ጁማ ጨዋ ነው፤ ዓሣ ይዞ ሲመጣ፣ አጎዛ ሲያበረክት፣ ሚስቱ የልጃችንን ግንባር ስማ ስትመርቅ አይተናል። ከእንዲህ ያለ ቤት የተወለደ ልጅ በሩቅ አገር ቢታሰርም ወንድ ነው፤ አላህ ያወጣዋል። ልጃችንን ኢቲሳምን ለልጃችሁ ለሰዑድ ሰጥተናል። እንግዲህ ተቀመጡ።"

ምድር ብትከፈት በገባሁ! ሳይቀመጡ የሚለምኑ ሽማግሌዎች፣ ከወንድ ልጅ ቤት ተልከው፣ ያላገባች ልጅ ወዳለችበት ቤት፤ ለምን ሌላ ይመጣሉ? የትኛው ሰው ሌላ ነገር ያስባል? እኛ ሦስታችን ደረጃው ላይ ደርቀን ቀረን። ሸህ አሊ ደግሞ አፋቸው እንደ ዓሣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። "በሉ ይናገሩ ሸህዬ" እላለሁ በልቤ። "ለሞንታርቦ ነው የመጣነው ይበሉ!" ይላሉ ብላችሁ ነው? በአጎቶቿ ፊት የተሰጠች ልጅ "አይ፣ አንቺን አልነበረም የፈለግነው" ትባል? የልጅቱ ስም ሐይቅና አምባሰል ሙሉ መሳቂያ ይሁን? ሸህ አሊ ግንባራቸውን ጠረጉ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። አጎዛው ላይ ተቀመጡ። ፋቲሃ ተቀራ፤ ነገሩ ታሰረ።

"ልጄን ዳርኩት?" አለኝ አያ ጁማ በሹክሹክታ። "የት እንዳለ ሳላውቅ ዳርኩት?"

"ዳርከው" አልኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ! ሙሽራው ባሕር ማዶ እስር ቤት ቁጭ ብሏል፣ እዚህ በግ ይታረድለታል።

ዙለይሃ እልልታውን አቀለጠችው። አብዱልሰመድ ደግሞ ደስታውን በምን ይግለጥ? የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። ሞንታርቦዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ለቀቃቸው። ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ ከደረጃው ጣሪያ ኖራ ተራግፎ ራሳችን ላይ ወረደ። አጎቶቹ አጨበጨቡ፣ እስክስታ ወረዱ። ይሄኔ የኡሙሀኒ እጅ ላይ ስልኩ በራ።

ሲጮህ አልተሰማም፤ ሲበራ ነው ያየነው። ኡሙሀኒ ደህናው ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው፣ ሌላውን በጣቷ ደፈነች፤ የማይሰማውን ጆሮ ደፈነች፣ ምስኪን! "ሄሎ! ልጄ! ሄሎ!" ትላለች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። አያ ጁማ ያን ጊዜ እንኳ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "አብዱ ወንድሜ፣ ካላስቸገርኩህ..." አለ። ማን ሰምቶት!

ኡሙሀኒ ገፋ አድርጋው ገባች። ሳሎኑ መሀል፣ ጨፋሪዎቹ መሀል ቆመች።

"ዝም በሉ!" አለች።

ያች ሴት እንዲህ ያለ ድምፅ አላት ብዬ አላስብም ነበር። ከሞንታርቦው በላይ ወጣ።

"ዝም በሉ አልኩ! እናንተ ሰውነት ያልፈጠረባችሁ! ልጄን ልስማበት! ዝም በሉ!"

አጎቶቹ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አብዱልሰመድ ተደናግጦ የቱን ቁልፍ እንደሚነካ ጠፋበት። ከጓዳ ኢቲሳም ብቅ አለች፤ ማንንም ሳታይ ሄዳ ገመዱን ከግድግዳው መንጭቃ ነቀለችው። ዝም አለ። የሐጂ ባድሩ ፎቅ ከተሠራ እንዲያ ያለ ዝምታ ገብቶበት አያውቅም። ልጅቱ ስልኩን ከኡሙሀኒ እጅ ቀስ ብላ ወስዳ፣ ድምፁን ከፍታ፣ መልሳ ያዘችላት። ሁላችንም ሰማን።

"እማ! እማ ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማሃለሁ ልጄ! እሰማሃለሁ!"

"ምንድን ነው እልልታው? ሰርግ አለ እንዴ?"

ኡሙሀኒ ዙሪያውን አየች። ሸህ አሊን አየች፤ ሸህ አሊ መሬት አዩ። "አዎ" አለች።

"የማን ሰርግ ነው?"

በሕይወቷ ዋሽታ አታውቅም። ምን ትበል?

"ያንተ ነው፣ ልጄ።"

ከዚያ ማዶ ሳቅ መጣ። መጀመሪያ የሰዑድ ሳቅ፣ ከዚያ ለጓደኞቹ ነገራቸው መሰለኝ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ወንድ ሲስቅ ተሰማ። እስረኛ እንደዚያ ይስቃል ብዬ አላውቅም። እናቱም እያለቀሰች ሳቀች። "ማንን ነው?" አለ ሰዑድ፣ ሳቁ እያደናቀፈው። "እማ፣ ማንን ነው?"

ተቋረጠ።

ወዴት እንዳዛወሩት አልጠየቅነውም! እዚያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ እዚያ ዝምታ ውስጥ፣ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። የሰርግ ወሬ ስናወራ ጊዜው አለቀ። ይኼ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አብዱልሰመድ ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። ሙሽራው የማያውቀው ሰርግ! ማታውን ሳይሆን እዚያው፣ በወንድሞቹ ፊት፣ አያ ጁማን ክንዱን ይዞ "ታዲያ ለምን ነበር የመጣችሁት?" አለው። አያ ጁማ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ነገርኩት፤ አንድም ሳላስቀር፤ ዓሣውን፣ አጎዛውን፣ አርቡን፣ "ሊያዛውሩን ነው"ን። አብዱልሰመድ ሰምቶ ሰምቶ ሞንታርቦው ላይ ተቀመጠ።

"'አብዱ፣ ቀንስ' ብትሉኝ እኮ እቀንስ ነበር" አለ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። "አንድ ቃል ብቻ። ለምን አላላችሁኝም?"

ይኸው! ኤዲያ! አንድ ቃል! ዓሣ ታጥቦ፣ በግ ተጠብሶ፣ ልጅ ተድሮ፣ የጎደለው አንድ ቃል ነበር! ባልጠላው ኖሮ ያን ጊዜ አዝንለት ነበር። ጠላሁት፤ አያ ጁማንም ጠላሁት፣ ሸህ አሊንም። ጨዋ ሁሉ እዚያ ሳሎን ውስጥ ተሰብስቦ ነበርና አንዱንም ሳልለይ ጠላሁ።

በማግስቱ ኢቲሳም ሱቄ መጣች። ጨርቅ የምታሰፋ መስላ ቆማ ቆማ፣ "እትዬ ጸዳለ" አለችኝ፣ "ድምፁ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚሄድ ይመስላችኋል?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ኡሙሀኒ አርብ አርብ ስታለቅስ እሰማ ነበር። ሽማግሌዎቹ ለምን እንደመጡም አውቄያለሁ።"

መርፌ ጣቴ ላይ ገባ። "አውቀሽ ነው ዝም ያልሽ? ስትሰጪስ?"

"አባቴ በአጎቶቼ ፊት እንዳያፍር ብዬ ነው።"

"ሁላችሁም አንድ ናችሁ!" ብዬ ጮህኩባት። "አሁንስ? ይፍረስ በያ! እኔ ወጥቼ አፈርሰዋለሁ፣ ይሉኝታ የለብኝም!"

"አይ" አለች፤ ልጅቱ ያን ያህል ቃል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። "'ማንን ነው' ብሎ ጠይቋል። የጠየቀው እኔን ነው፤ የምመልስለትም እኔ ነኝ። አልፈልግም ካለ እሱ ይበለኝ። ብቻ ይደውል።"

አብዱልሰመድ ሞንታርቦውን ጭኖ አርዲቦ በኩል ዘመድ ቤት፣ ገለባው መሀል መልሶ አስቀመጠው። ዙለይሃ ሙቀጫዋን እንኳ ምድር ቤት እያወረደች፣ ከአርብ ሌላ በሆነ ቀን ትወቅጣለች። አያ ጁማ ደግሞ ጉድ ነው! አርብ ሲሆን ከጁሙዓ መልስ አስፋልቱ መሀል ይቆምና ጡሩምባ የሚነፋ ሾፌር ባየ ቁጥር ዱላውን ከፍ አድርጎ ይጮኻል፦ "አትንፋ! አትንፋ አንተ ባለጌ!" ሾፌሮቹ ጁማ አበደ ይላሉ። ግን ይሰሙታል። ተራ ሲያስከብር ኖሮ የሰማው አንድም አልነበረም፤ አሁን ሲኖትራክ ሳይቀር ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ኡሙሀኒና ኢቲሳም በረንዳው ጥግ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ስልኩ መሀላቸው የዱካ በርጩማ ላይ። አይነጋገሩም። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ አሁን ቢደውል ትንፋሹ እንኳ ይሰማል። ክረምቱ አለፈ። በሰሜን በኩል ጦርነቱ እንደገና ተነሳ ሲባል ኔትወርክ ሊቋረጥ ነው ብለው ሁለቱም ፈሩ፤ አልተቋረጠም። ስልኩ ግን አልጮኸም። ያን ሳቅ ከሰማን ወዲህ አንድም አርብ አልጮኸም።

እኔም አርብ ከጁሙዓ መልስ የስፌት መኪናዬን አቆማለሁ። እግሬን ከመርገጫው አንስቼ፣ እጄን ጨርቁ ላይ አድርጌ ወደ ላይ አዳምጣለሁ። ማንም አቁሚልን ብሎ አልለመነኝም።